የሰኞ ትንፋሽ

ቀን ለይቶ የሚመጣ በሽታ አለ። ቅዳሜና እሑድ ደብዛው ይጠፋል፤ ሰኞ ከምሳ በፊት ይመለሳል። የሚይዘው የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችን ነው፤ ከእነሱም አብዝቶ የሚያጠቃው የታሰረው ጥጥ ተፈትቶ በሚበተንበትና በሚባዘትበት ክፍል የሚውሉትን። ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት ደኅና ሆኖ ይገባል። ጥቂት ሰዓት እንደሠራ ደረቱ ይጠብበታል፣ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ማክሰኞ ይሻለዋል። ረቡዕ ረስቶታል። ቤተሰቡ ቢጠይቀው «ብርድ መቶኝ ነበር» ይላል፤ እሱም እውነት ይመስለዋል።

ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል። በሳንባ ላይ ከሚደርሱ የሥራ በሽታዎች ሁሉ ይህን ለዚህ ምዕራፍ የመረጥኩት አንድ ለየት ያለ ጠባይ ስላለው ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ለዓመታት ተደብቀው ይቆያሉ። ድንጋይ ፈላጩን የሚይዘው ሲሊኮሲስ ራሱን የሚገልጠው ሰውየው ከሥራው ከወጣ በኋላ ሊሆን ይችላል። ቢሲኖሲስ ግን በአንድ ፈረቃ ውስጥ ምልክቱን ይሰጣል፤ ምልክቱም በአንድ እስትንፋስ ሊለካ ይችላል። የሠራተኛን ሳንባ እየለኩ መከታተል ምን እንደሚጠቅም፣ የት ላይ እንደሚያሳስትም ለማየት ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም። (በምዕራፉ የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ጥፋተኛው ነጩ ጥጥ አይደለም። የጥጡን ፍሬ የሚያቅፉት ትንንሽ ቅጠሎች ሲደርቁ ይሰባበራሉ፤ በለቀማና በመዳመጥ ጊዜም ከጥጡ ጋር ይደባለቃሉ። በእነሱ ላይ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ባክቴሪያዎቹ ከሞቱም በኋላ ከሽፋናቸው የሚቀረው ኢንዶቶክሲን የተባለ ንጥረ ነገር አቧራው ላይ ይቆያል፤ ዛሬ ተመራማሪዎች ዋናው ተጠርጣሪ የሚሉት እሱን ነው። አቧራው ሲተነፈስ የአየር ቧንቧዎቹ ይቆጣሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። ታዲያ ለምን ሰኞ? በሳምንቱ ውስጥ ሰውነት ለአቧራው መጠነኛ ልማድ ያበጃል፤ የዕረፍት ቀን ልማዱን ያስረሳዋል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የሚሻለው ሠራተኛ አቧራው ስለተወው አይደለም የሚሻለው።

ሪቻርድ ሺሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1950ዎቹ በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች ሠራተኞችን እየጠየቀ በሽታውን በደረጃ ከፈለው። አከፋፈሉ የተመሠረተው በቀን መቁጠሪያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ሰኞ ዕለት ብቻ የሚመጣ የደረት መጥበብ፤ ቀጥሎ በየሰኞው፤ ቀጥሎ ሰኞንም ሌሎችንም ቀናት፤ በመጨረሻ ከሥራ ቢወጡም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ከአቧራው ቢርቅ ይድናል። የመጨረሻው ላይ የደረሰ ሰው ሳንባ ብዙ ሲጋራ ካጨሰ ሰው ሳንባ ጋር ይመሳሰላል፤ ሐኪም ቢያየውም መንስኤውን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። በእኛ አገር ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚያስለው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቲቢ ነው። መጠርጠሩ ትክክል ነው። አክታው ተመርምሮ ነጻ ሲሆን ግን «የት ነው የምትሠራው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ደረጃ የሚያገናኘው ምርመራ ስፒሮሜትሪ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰውየው አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ሳንባው እስኪሞላ ድረስ አየር ይስባል፤ ከዚያ በአፉ በያዘው ቱቦ ውስጥ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል፤ ምንም የቀረ አየር የለኝም እስኪል ይቀጥላል። መርማሪው አጠገቡ ቆሞ «ግፋ! ግፋ! ግፋ!» እያለ ይጮኻል። ጩኸቱ የምርመራው አካል ነው፤ በለሆሳስ የተመራ ምርመራ ዋጋ የለውም።

ከመሣሪያው ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። አንደኛው ሰውየው ያወጣው ጠቅላላ አየር ነው። ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የአንድ ሴኮንድ ትንፋሽ እለዋለሁ። እንስራ አንገቱ ቢጠብብ የሚይዘው ውኃ ያው ሆኖ ሳለ ለመቅዳት ግን ጊዜ ይፈጃል፤ የአየር ቧንቧ ሲጠብም እንዲሁ ነው። ጠቅላላው ብዙም ሳይጓደል የመጀመሪያው ሴኮንድ ድርሻ ይቀንሳል። ጤነኛ ጎልማሳ ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን በአንድ ሴኮንድ ያወጣዋል። ሳንባው ራሱ ጠባሳ ይዞ ከተኮማተረ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ይወርዳሉ፤ ድርሻው አይለወጥም።

ስፒሮሜትርን ለሕክምና ያበቃው ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በ1846 ባሳተመው ጥናት ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለክቷል፦ መርከበኞችን፣ ፖሊሶችን፣ ወታደሮችን፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችን፣ ትግል ተጫዋቾችን፣ ድሆችን፣ «የተከበሩ ሰዎች» የተባሉትንም። ቁመት በጨመረ መጠን የሚነፋው አየርም በተስተካከለ መንገድ እንደሚጨምር ያሳየው እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ካነሣሡት ነገሮች አንዱ የሕይወት ኢንሹራንስ ነበር፤ ኩባንያው ውል ከመፈራረሙ በፊት ደንበኛው የታመመ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። መሣሪያው ከልደቱ ጀምሮ ሁለት ጌቶች ነበሩት ማለት ነው፤ ታማሚውና ታማሚውን ላለመቀበል የሚፈልገው። ይህ ነገር በኋላ ይመለስብናል።

ሃቺንሰን ከለካቸው ሰዎች አንዱ ፍሪማን የተባለ አሜሪካዊ ግዙፍ ሰው ነበር። በ1842 ወደ እንግሊዝ እንደመጣ ሲለካ የነፋው አየር ከ7 ሊትር በላይ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲለካ በብዙ ቀንሶ ተገኘ። ገና አልጋ አልያዘም። በ1845 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ፍሪማን ከቀነሰም በኋላ ከተራ ሰው በላይ ይነፋ እንደነበር ነው። ከሌሎች ሰዎች ጋር ቢወዳደር ኖሮ ጤነኛ ይባል ነበር። መታመሙን ያሳየው ከራሱ የቀድሞ ልኬት ጋር መነጻጸሩ ነው። የዛሬው የሠራተኞች ክትትል ዋና ሐሳብ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ግን ዛሬም በብዙ ክሊኒክ የሚሠራው በተቃራኒው ነው።

ተቃራኒው ምንድን ነው? መሣሪያው ከወረቀቱ ጫፍ ላይ አንድ መቶኛ ያትማል። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ቁመት፣ በዚህ ጾታ ያለ ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ይነፋል ተብሎ ይገመታል፤ ተመርማሪው የግምቱን ስንት በመቶ አመጣ? ከ80 በላይ ከሆነ «ደኅና» ይባልና ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል።

እንበል አንድ የ25 ዓመት ወጣት በፈትል ክፍል ተቀጠረ። ግምቱ 3.6 ሊትር ነው፤ እሱ ግን በአንድ ሴኮንድ 4.3 ሊትር ነፋ፤ ከግምቱ 119 በመቶ። በተፈጥሮው ሳንባው ሰፊ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲለካ 3.3 ሊትር ነፋ። በ35 ዓመቱ የሚጠበቅበትም 3.3 ነው እንበል። ወረቀቱ «100 በመቶ» ይላል። ነርሷ ፈገግ ብላ «ሳንባህ ጎበዝ ነው» ትለዋለች። ሰውየው ግን በአሥር ዓመት አንድ ሊትር አጥቷል። ጤነኛ ጎልማሳ በዓመት የሚያጣው ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ በአሥር ዓመት ከ300 ሚሊ ሊትር ብዙም ማለፍ አልነበረበትም። ይህ ልጅ በሦስት እጥፍ ፍጥነት እየወረደ ነው። በዚሁ ከቀጠለ መቶኛው «ታሟል» የሚልበት ቀን ሲመጣ ከጠፋው አብዛኛው አይመለስም።

በሙያው የሚሠሩ ሐኪሞች ለዚህ የሚጠቀሙበት ደንብ አለ። የመጀመሪያው ልኬት መነሻ ይሆናል። በዕድሜ ምክንያት የሚጠበቀው ቅናሽ ታስቦ ከዚያ ውጭ ከመነሻው 15 በመቶ የወረደ ሰው መቶኛው ምንም ይበል ምን ወደ ሐኪም ይላካል። በምሳሌው ላይ ያለው ወጣት ይህን ድንበር አልፏል። ስለዚህ ለአዲስ ተቀጣሪ የሚደረገው የመጀመሪያ ምርመራ ለይስሙላ የሚሞላ ቅጽ ሊሆን አይገባም። እሱ ከሌለ የኋለኞቹ ሁሉ የሚነጻጸሩበት የላቸውም።

ስለ «ግምቱ» አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ እኛን ይመለከተናልና። ግምቱ የሚሠራው ጤነኛ ሰዎችን ለክቶ ነው። የትኞቹን ሰዎች? በአሜሪካ ደቡብ ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ ባርነትን የሚደግፍ ሐኪም በ1851 ጥቁሮች ከነጮች 20 በመቶ ያነሰ ሳንባ አላቸው ብሎ ጻፈ፤ ከዚያም ተነሥቶ የጉልበት ሥራ ለጤናቸው ይበጃቸዋል አለ። የጽሑፉ ዓላማ ግልጽ ነው። የሚገርመው ሐሳቡ በሌላ ልብስ ተሸፍኖ መሣሪያው ውስጥ መግባቱ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ስፒሮሜትሮች ተመርማሪው ጥቁር መሆኑ ሲሞላላቸው ግምቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ያደርጉ ነበር። ውጤቱ ይህ ነው፦ ሁለት ሠራተኞች አንድ ዓይነት አቧራ ስበው አንድ ዓይነት ትንፋሽ ቢነፉ ነጩ «ታሟል» ሲባል ጥቁሩ «ለዘሩ ደኅና ነው» ይባላል። በ1999 በባልቲሞር የአስቤስቶስ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲታይ አንድ ትልቅ ኩባንያ ጥቁር ከሳሾች ከነጮቹ የባሰ የትንፋሽ ጉዳት ካላሳዩ ጉዳያቸው እንዳይታይ ለማድረግ ሞክሯል። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ዘርን የማይጠይቅ ግምት እንዲሠራበት የመከረው በ2023 ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የምትመረመሩ ከሆነ መርማሪው ከቁመታችሁና ከዕድሜያችሁ ሌላ ምን እንደሞላ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከራስ ጋር መነጻጸር ግን ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም፤ የትላንት ትንፋሽህ ዘር አይጠየቅም።

ወደ ሰኞ እንመለስ። የዓመት ክትትል የዘገየ ጉዳትን ሲይዝ የፈረቃ ክትትል ገና የሚጀምረውን ይይዛል። ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር ይነፋል፤ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና ይነፋል። የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ያወጣው የጥጥ አቧራ ደንብ ጊዜውን ሳይቀር ወስኖታል፦ ሠራተኛው ቢያንስ ለ35 ሰዓት ከአቧራ ርቆ በተመለሰበት የመጀመሪያ ቀን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ። የአንድ ሴኮንዱ ትንፋሽ 5 በመቶ ወይም 200 ሚሊ ሊትር ከወረደ ሰውየው በዓመት አንዴ መመርመሩ ቀርቶ በየስድስት ወሩ ይመረመራል። ጠዋት 3.40 ሊትር ነፍቶ ከሰዓት 3.15 ያመጣ ሰው ምንም ባይሰማውም በዚህ ደንብ ተይዟል።

35 ሰዓት የምትለዋ ለእኛ ፋብሪካዎች ትርጉም አላት። ብዙዎቹ ቀን ከሌሊት በሦስት ፈረቃ ይሠራሉ፤ የዕረፍት ቀንም በተራ ነው። የአንዱ «ሰኞ» ሐሙስ ሊሆን ይችላል። መርማሪ ቡድን ሰኞ ጠዋት ፋብሪካ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ቢያስነፋ ግማሾቹ የሳምንታቸው አራተኛ ቀን ላይ ይሆናሉ፤ ልማድ ያበጀው ሰውነታቸው ደኅና ይመስላል። ቀጠሮው መያዝ ያለበት በእያንዳንዱ ሰው የዕረፍት ተራ ነው። ይህ የስም ዝርዝርና የፈረቃ መሪ ትብብር ከመጠየቅ በስተቀር ገንዘብ አያስወጣም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የንፋሹ ጥራት ነው። የሚፈለገው ለውጥ ትንሽ ነው፤ 150 ሚሊ ሊትር የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ አየር ነው፤ በሰነፍ ምርመራ በቀላሉ ይጠፋል። ስለዚህ የስፒሮሜትሪ ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ቢያንስ ሦስት ተቀባይነት ያላቸው ንፋሾች፣ ከመካከላቸውም የሁለቱ ምርጦች ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ። መሣሪያው በየቀኑ ሦስት ሊትር አየር በሚይዝ መርፌ መሰል ፓምፕ ይፈተሻል፤ ስሕተቱ ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ ዕለቱን አይሠራበትም። ሰውየው ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ከነበረ ቀጠሮው ይዛወራል። ካሳ ፈልጎ ሆን ብሎ በደካማው የሚነፋ አይጠፋም ለሚሉ አሠሪዎችም መልሱ እዚሁ ነው፤ ሦስት ጊዜ አስመስሎ ነፍቶ ሦስቱንም በአንድ ልክ ማምጣት ለልምድ ያለው ሰውም ይከብዳል። መርማሪው የንፋሹን መስመር ስክሪኑ ላይ ካየ ማቅማማቱ ይታያል።

አሜሪካ ወደዚያ ደንብ የደረሰችው በቀላሉ አይደለም። እንግሊዝ ቢሲኖሲስን በሕግ አውቃ ለሠራተኞች ካሳ መክፈል የጀመረችው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአሜሪካ ግን የጨርቃ ጨርቅ ባለቤቶች በሽታው አገራቸው ውስጥ የለም ይሉ ነበር። በ1969 አንድ የኢንዱስትሪው መጽሔት ነገሩን ጥቅመኛ ሐኪሞች የፈጠሩት ነው አለ፤ በአፍሪካ በተደረገ ስብሰባ ላይ እንደወጣና «ዝቅተኛ ዘሮች» የሚይዛቸው በሽታ እንደሆነ አድርጎም ጻፈ። በካሮላይና ግዛቶች ጡረታ የወጡ የጥጥ ሠራተኞች በ1975 የቡናማ ሳንባ ማኅበር ብለው ተደራጁ፤ የትንፋሽ ምርመራ እንዲደረግላቸው ጠየቁ፣ ካሳ ጠየቁ፣ እያሳላቸው ምክር ቤት ፊት ቀርበው ተናገሩ። ደንቡ በ1978 ሲወጣ ለፈትል ሥራ የተፈቀደው የአቧራ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.2 ሚሊ ግራም ሆነ። ባለቤቶቹ ወጪው ከጥቅሙ ጋር አልተመዘነም ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 የአቧራውን ወሰን አጸናው፤ ምክር ቤቱ የሠራተኛን ጤና ከወጪ ሂሳብ በላይ አስቀምጦታል በሚል። አንድ ነገር ግን ደንቡን ወዳወጣው መሥሪያ ቤት መለሰ፦ መተንፈሻ ጭንብል ማድረግ ስላልቻለ ወደ ሌላ ሥራ የሚዛወር ሠራተኛ ደመወዙ እንዳይቀነስ የሚለውን ክፍል።

ይህች የተመለሰች አንቀጽ ሙሉ መርሐ ግብሩን የምታቆም ወይም የምታፈርስ ይመስለኛል። ሠራተኛው ስፒሮሜትሩን የሚያየው በአንድ ዓይን ነው፦ ይህ ነገር እንጀራዬን ይወስድብኛል ወይስ አይወስድም? የሚወስድበት ከሆነ በመጠይቁ ላይ «ሰኞ ሰኞ ደረትህ ይጠብብሃል?» ሲባል «ኧረ በጭራሽ» ይላል። በምርመራው ቀን ፈቃድ ይጠይቃል። ያመመው ደግሞ ዝም ብሎ ሥራውን ለቆ ይሄዳል። ፋብሪካው ውስጥ የሚቀሩት ጠንካራዎቹ ናቸው፤ ከዚያ ጥናት ሲደረግ ቁጥሩ ያምራል፤ «የእኛ ሠራተኞች ከከተማው ሕዝብ የተሻለ ሳንባ አላቸው» የሚል ሪፖርት ይጻፋል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ማጣሪያ እያለም ያገኙት ቀላል አይደለም። በ1991 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን ከፈረቃ በፊትና በኋላ አስነፍቷል። ጥጡ በሚበተንበት ክፍል 43.2 በመቶው፣ በሚባዘትበት (በካርዲንግ) ክፍል 37.5 በመቶው ቢሲኖሲስ ነበረባቸው፤ በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ። በአየሩ ውስጥ የተለካው አቧራ ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊ ግራም ነበር። አሜሪካ ለፈትል ካስቀመጠችው ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛው ከአራት እጥፍ፣ ከፍተኛው ከ17 እጥፍ በላይ ነው። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይም በዚያው አሥርት ዓመት ጥናት ታትሟል። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ስሙ ያልታወቀ አይደለም ለማለት ነው።

አቧራው እስኪቀነስ ሠራተኛው ራሱን የሚከላከልበት የታወቀ መንገድ አለ፤ ወተት። ብዙ ፋብሪካ አቧራና ኬሚካል ላለበት ክፍል ወተት ያድላል፤ ሠራተኛውም አቧራውን ጠርጎ ያወርዳል ብሎ ያምናል። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ወደ ሳንባ አይገባም፤ ከገባም ሌላ በሽታ ነው። ምግብነቱን አልቃወምም፤ ከደመወዙ አንጻር ለብዙዎች የቀኑ ምርጥ ምግብ ሊሆን ይችላል። የአቧራ መሳቢያው ሞተር ከሚጠገን ወተት ማደል ስለሚረክስ ግን ልማዱ ለማን እንደሚመች መገመት አይከብድም። አፍና አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ሻሽም እንዲሁ ነው፤ የሚታየውን ብናኝ ያስቀራል፤ ሳንባ ድረስ የሚገባው ደቃቁ ያልፈዋል።

ስፒሮሜትርም ቢሆን በራሱ አቧራ አያስቀርም። ጥሩ አሠሪ ቁጥሩን የሚያነበው እንደ ክፍሉ የሙቀት መለኪያ ነው። በካርዲንግ ክፍል ካሉት አሥር ሰዎች አምስቱ በፈረቃ ውስጥ ከወረዱ የታመመው ክፍሉ ነው፤ ማሽኑ ይሸፈናል፣ መሳቢያው ይፈተሻል፣ ወለል በመጥረጊያ መጠረጉ ቀርቶ አቧራ በሚመጥ ማሽን ይጸዳል። ለአሠሪው መድረስ ያለበት ይህ የቡድን ውጤት ነው። የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር በሰውየውና በሐኪሙ መካከል ይቆያል፤ አሠሪው ማወቅ የሚያስፈልገው ሰውየው በዚህ ቦታ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ብቻ ነው። መሣሪያው ከሃቺንሰን ዘመን ጀምሮ ሁለት ጌቶች አሉት ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁሉም በሽታ በስፒሮሜትር ቀድሞ አይያዝም። ሲሊኮሲስ መጀመሪያ በራጅ ላይ ይታያል፤ ትንፋሹ ሲወርድ ዘግይቷል። ከዱቄት፣ ከቀለም ወይም ከፎም ኬሚካል የሚመጣ አስም ደግሞ ሠራተኛው ቀጠሮው ላይ ሲደርስ ጥሎት ሊሄድ ይችላል፤ ለእሱ በኪስ የሚያዝ ርካሽ መለኪያ ተሰጥቶት በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ፣ ሥራ ላይም በዕረፍትም፣ ለሳምንታት ራሱ እየነፋ ቢጽፍ ይሻላል። በቡድን ሲለካ ግን መሣሪያው ያልተጠረጠረ በሽታን ሊያጋልጥ ይችላል። በ2000 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ፋንዲሻ ከሚያሽግ ፋብሪካ የወጡ ስምንት ሠራተኞች ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎቻቸው በጠባሳ ተዘግተው ተገኙ። መንግሥት መርማሪዎች ልኮ ገና በሥራ ላይ ያሉትን ሲያስነፋ የቧንቧ መጥበብ ከሚጠበቀው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። መንስኤው የቅቤ ጣዕም የሚሰጠው ዲያሴቲል የተባለ ኬሚካል ትነት ነበር። ከዚያ በፊት የሚበላ ነገር ቢተነፈስ ይገድላል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነበር። አንድ ሐኪም ቤት ለብቻው እነዚህን ሰዎች ቢያይ ኖሮ ስምንት የተለያዩ ታሪኮች ይሆኑ ነበር።

የእኛ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በእኛ አቆጣጠር) አሠሪው አዲስ ተቀጣሪዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዛል። ሕጉ ስፒሮሜትር የሚል ቃል አልጻፈም፤ የጥጥ አቧራ ለሚስብ ሰው «እንደ ሥራው ጠባይ» የተባለው ምርመራ ከደም ግፊትና ከክብደት ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ለማሰብ አያዳግትም። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ላይ ሊጽፉት የሚችሉት ሦስት መስመር ነው፦ የመጀመሪያ ልኬት በቅጥር ሳምንት፣ የፈረቃ ልኬት ከዕረፍት በተመለሱበት ቀን፣ የእያንዳንዱ ልኬት ቅጂ ለሠራተኛው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የአሜሪካው የጥጥ ደንብ አሠሪው መዝገቡን ቢያንስ 20 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። እዚህ ሠራተኛው ፋብሪካ ሲቀይር ወይም ፋብሪካው ሲሸጥ ፋይሉ የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም፤ አዲሱ ቦታ ላይ ከተጎዳ ሳንባው ጋር እንደ አዲስ «መነሻ» ይለካል።

ቅጂው ከጡረታ በኋላም ያስፈልጋል። የሃርቫርዱ ዴቪድ ክሪስቲያኒና ቻይናውያን ባልደረቦቹ ከ1981 ጀምሮ የሻንጋይ ጥጥ ሠራተኞችን ከሐር ሠራተኞች ጋር እያነጻጸሩ ለ30 ዓመት ያህል ተከታትለዋል። ሰኞ በፈረቃ ውስጥ ትንፋሻቸው በብዙ የወረደ ሰዎች በዓመታት ውስጥም ከሌሎቹ ፈጥነው እንደሚወርዱ ያወቁት በዚህ ነው። የጥጥ ሠራተኞቹ ከአቧራው ከራቁ በኋላ የሳንባቸው አቅም ጥቂት እንደሚያገግም ያዩትም ከዚሁ ጥናት ነው። ይህን ሊያዩ የቻሉት ከፋብሪካው በር የወጡትን ጡረተኞች እየፈለጉ በየአምስት ዓመቱ ስላስነፉ ነው።